የሦስት ደቂቃ ምስክርነት

ልብስ ሰፊዋን በሰፈሩ የማያውቃት የለም። በጸሎት አዳራሹ ግን ሌላ ስም አላት፤ እዚያ «መቀሷ» ይሏታል። ስሙ ከሙያዋ የመጣ የሚመስለው አይጠፋም፤ ተሳስቷል። ሴትዮዋ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ መድረክ ላይ የሚነገረውን የሰው ምስክርነት እየሰማች፣ እየለካች፣ እየቆረጠች ልክ በሦስት ደቂቃ ስታስገባ የኖረች ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጌታ አንድ ነገር ያደረገለት ሰው ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥኖች አሉ፤ ችግርዎ ምን ነበር፣ ጌታ ምን አደረገ፣ አሁን እንዴት ነዎት። ቅጹን የሞላ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል መቀሷ ፊት ይቀመጥና ታሪኩን ይነግራታል። ሰው ደግሞ ተናገር ሲሉት ከአዳም ነው የሚጀምረው። ሥራ ማግኘቱን ሊናገር መጥቶ የቀድሞ አለቃውን ጥርስ ሲገልጽ ይውላል። ልጅ መውለዷን ልትመሰክር የመጣችው ደግሞ ከአማቷ ጋር የተጣላችበትን ድስት ታነሳለች።

«ድስቱን እንተወው፣ እህቴ» ትላለች መቀሷ በትሕትና።

«ኧረ ድስቱ ነው ዋናው ነገር» ትላለች ሴትየዋ።

ድስቱ ይወጣል። ሁሌም ይወጣል። ምክንያቱም መድረኩ ጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራቶች አሉ፤ ቀዩ ልክ በሦስተኛው ደቂቃ ይበራል። አብሪው የመርሐ ግብሩ ኃላፊ ጋሽ ደቂቃ ናቸው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሰዓታቸውን በእጃቸው የውስጥ በኩል የሚያስሩ ሽማግሌ። ሐዋርያ ቢመጣ እንኳ ቅጽ ሳያስሞሉ መድረክ አያወጡትም ይባላል። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ሰዓት ይወዳሉ እንጂ ክፋት አያውቁም።

መቀሷ ራሷ መስክራ አታውቅም። እናቷ ከስድስት ዓመት በፊት ታመሙ፤ ተጸለየላቸው፤ መድኃኒታቸውንም ሳያቋርጡ ወሰዱ፤ ሞቱ። ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ የሚጻፍ የለም። ስለዚህ የራሷን አጣጥፋ አስቀመጠችና የሰው ማሳመር ያዘች። ደስ ይላት ነበር። የሰው ታሪክ በጥሩ ሲያልቅ የሷም አብሮ የሚያልቅ ይመስላት ነበር።

ምስክርነቱ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ አይቀርም። ሰኞ ጠዋት ታክሲው ውስጥ ይሰማል፤ ማክሰኞ ፀጉር ቤት ይደርሳል፤ ረቡዕ ማዘጋጃ ቤት ወረፋ የያዘ ሰው ከግድግዳው ቴሌቪዥን ያየዋል። በዚያ ከተማ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት ያልቃል፤ መሐሉ ላይ ሥራ ከተገኘ እሰየው ነው። ሥራ ፈላጊ ወረቀቱን ሳያወጣ «የየትኛው አዳራሽ ነህ?» ይባላል። መቀሷ ይህን ሁሉ ስታይ ከተማው የበራ ይመስላት ነበር። መብራቱ ማንን እንደሚያጥበረብር ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም፤ ቅዳሜዋ ሙሉ ነው።

ከሁለት ወር በፊት የአውቶብስ ሹፌሩ መጣ። ሹፌሩ ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው። ታሪኩ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ በሰዓት ይዛዋለች። መሪ እንደያዘ ዓይኑ ጨለመበት። አውቶብሱን ዳር አስይዞ «ጌታ ሆይ፣ እኔስ ይሁን፣ ተሳፋሪዎቹን አደራ» አለ። ሆስፒታል ሲደርስ የደም ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል። አንዲት ግትር ነርስ ጨው አስተወችው፤ ሲጋራ አስጣለችው፤ በየማለዳው በእግሩ አስኬደችው። የመጀመሪያው መድኃኒት እግሩን ሲያሳብጠው ያንን ተወና ሐኪሙ በሌላ ቀየረለት። ዛሬ ግፊቱ እንደ ጎረምሳ ነው።

መቀሷ ሥራዋን ጀመረች። ጨው ወጣ። ሲጋራ ወጣ፤ የአዳራሹ ልጅ ያጨስ ነበር ማለት ለጆሮ አይጥምም። ነርሷ ወጣች። የሐኪሙም ቅያሬ ወጣ፤ ሃያ ሰከንድ ይበላል። የቀረው ይህ ነበር፤ ዓይኔ ጨለመ፣ ወደ ጌታ ጮኽኩ፣ ያንን መድኃኒት ተውኩት፣ ዛሬ ግፊቴ ልክ ነው። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ከቀሩት ቃላት አንዱም ውሸት አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እሑድ ዕለት ሹፌሩ «ያንን መድኃኒት ተውኩት» ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ጋሽ ደቂቃም መብራታቸውን ረስተው አጨበጨቡ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ ከሱቋ ጎን ያለው የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ፋርማሲስቱ፣ የተቀደደ ጋውኑን ይዞ ወደ ሱቋ መጣ። ቀልደኛ ልጅ ነው።

«የግፊት ደንበኞቼን ምን ዋጣቸው?» አለ። «ከዚያ ሹፌር ወዲህ ሰባቱ ደብዛቸው ጠፋ።»

«ጌታ ፈውሷቸው ይሆናላ።»

«ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ግን ሳይለኩ በምን አወቁ? መለኪያው እንደሆነ እኔ ጋ ነው ያለው።»

ሳቀች። ጋውኑን ሰፍታ ሸኘችው። ሌሊቱን ግን ሁለቴ ከእንቅልፏ ነቃች።

ሐሙስ ዕለት አክስቷ ቀሚስ ሊለኩ መጡ። የእናቷ ታናሽ እህት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። ከእናቷ ሞት ወዲህ በዚህ ምድር ላይ የቀሯት ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው። ምላሳቸው ሁለት ትውልድ አስተምሯል፤ ሁለት ትውልድም ፈጅቷል። ሰማያዊ ጨርቅ መርጠው፣ ለምን እንደሆነ ሳይናገሩ «የመድረክ ልብስ አድርጊው» ብለው ነበር።

«ክንድዎን ያንሱልኝ፣ እትዬ።»

አክስት ክንዳቸውን አነሱ። አነሱና ጠረጴዛውን ያዙ።

«ጣሪያሽ ነው የዞረው ወይስ እኔ ነኝ?»

«ጣሪያው አልዞረም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እኔ ነኝ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፤ ፊታቸው ቀልቷል። «ያልፋል። መድኃኒቱን ከተውኩ ወዲህ አልፎ አልፎ ይመጣል። ሹፌሩም ቢሆን በአንድ ቀን አልዳነም። ይህ ቀሚስ ሲያልቅ እኔም ወጥቼ እመሰክራለሁ፤ ያኔ እንዳታሳጥሪኝ።»

መቀሷ አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች። እንዲህ ዓይነት ነገር ስፒል አፍ ውስጥ ይዞ አይሰማም።

«መቼ ተዉት?»

«በማግስቱ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር፤ ሹፌር ብዙ ያወራል። ግን በአንቺ እጅ አልፎ የወጣ ነገር ነው። ልጄ ሰምታ፣ መርምራ ያሳለፈችው ውሸት አይሆንም አልኩ።»

እጃቸውን ይዛ ወደ ጎረቤት ወሰደቻቸው። ፋርማሲስቱ ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ቀልዱ ጠፋበት። መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ነበር። አክስት «ማሽንህ አርጅቷል» አሉት። ልብስ ሰፊዋ ግን እዚያው ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን መቀየሩን፣ ነርሷን፣ ጨውን፣ ሃያ ሰከንዱን።

አክስት የተሳሳተ ስሌት ሰሌዳ ላይ እንዳዩ ሁሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። «አሁን ፈርተሽ ነው። እኔን ለማትረፍ እንደምትዋሺ አጥቼው ነው? አንጀትሽን አውቀዋለሁ።»

«እውነቴን ነው፣ እትዬ። ሹፌሩን ልጥራልዎት?»

«እሱማ ባንቺ ፊት ምን ይላል፤ ያልሽውን ይደግማል። ስሚኝ። ለሁለት ሺህ ሰው የተነገረ ነገር መድኃኒት ቤት ውስጥ በሹክሹክታ አይሻርም። እውነት ከሆነ በወጣበት በር ይግባ። በዚያው መድረክ ንገሪኝ፤ እዚያው እውጠዋለሁ።»

«እስከ እሑድ አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

«እስከ እሑድ አርፌ እተኛለሁ» አሉና ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ። ፋርማሲስቱ ክሊኒክ እንዲሄዱ እየለመነ እስከ መንገዱ ማዶ ሸኛቸው። እሳቸው የመንገዱን ስፋት እየገመቱ ተሻገሩ።

አርብ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጋሽ ደቂቃ ዘንድ ሄደች። ቢሯቸው ውስጥ ቅጾቹ በወርና በበሽታ ተደርድረዋል። የመጣችበትን እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ ሰዓታቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት።

«ምስክርነት ማረሚያ የለውም» አሉ በመጨረሻ። «አንዱን ካረምን ሁሉም ይታረም ይላሉ።»

«ይታረማ፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ይህ ሕዝብ ችግሩ ብዙ ነው። የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።»

«የላላ የኮት ቁልፍ ይዞ የሚጎትት ሰው ቁልፉን ይዞ ይቀራል።»

ጋሽ ደቂቃ መሳቢያቸውን ሳቡ። ከዚያ የእሑዱን ወረቀት አሳዩዋት። የከተማው ሹማምንት ይመጣሉ፤ ከንቲባው ሰላምታ ያቀርባሉ፤ አንዲት ደቂቃ ክፍት የለችም። «አክስትሽ ቤት ሄደን እንጸልያለን» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። እሷ ግን ስትወጣ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጋ ዘጋችው፤ ከእሷ ይህ እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ ሰማያዊውን ቀሚስ እየሰፋች ልትጸልይ ሞከረች። ችግሬ ይህ ነው ጌታ ሆይ፣ አንተ ይህን አድርግ፣ እኔም አመሰግናለሁ፤ አሜን። ሰዓቷን አየች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ለቀቀ። ለካስ ጸሎቷም ሦስት ሣጥን ነው። ለካስ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «እናቴን ለምን?» ብላ አታውቅም፤ ሣጥን የለውማ።

እንደገና ጀመረች። «ነርሷ ያንተ አልነበረችም እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። «ጨው ያስተወችው፣ በማለዳ ያስኬደችው? እሷን ስቆርጥ አንተን ነው የቆረጥኩህ። እናቴንስ? በእናቴ ነገር ተናድጄብሃለሁ። እስከ ዛሬ ተናድጄብሃለሁ።» አለቀሰች። ደነገጠችም፤ ጣሪያው ግን አልወደቀባትም፤ እንዲያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የሚያዳምጣት ያለ መሰላት። አሜን ሳትል ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ ጨዋታው ገና አላለቀማ።

ቅዳሜ ሹፌሩን መጨረሻ ፌርማታ ላይ አገኘችው። መሪው ላይ ተደግፎ ሰማት፤ ሳቁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ።

«እኔስ ነገሩ ሲጎድል ታውቆኝ ነበር» አለ። «ግን ሰው ሲያጨበጭብ ጣፈጠኝ። ሃያ ዓመት ስነዳ ፍሬን ስይዝ የሚሳደብ እንጂ የሚያጨበጭብልኝ አላየሁም። ያቺ ነርስ ብትሰማ በጨው ታንቀኛለች።» መድኃኒቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አሳያት። «ነገ ተረኛ ነኝ። ግን በአዳራሹ በኩል ነው የማልፈው።»

እሑድ የሚመሰክሩት ሦስት ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ አንደኛዋን፣ ቤት ማግኘቷን ልትናገር የነበረችውን ወጣት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት እንድትቆይላት ለመነቻት፤ በምትኳ ሌላ ቅጽ ሞላች። ችግርዎ ምን ነበር? «ቆረጥኩ።» ጌታ ምን አደረገ? «አስነቃኝ።» አሁን እንዴት ነዎት? ይህን ባዶ ተወችው። ቅጽ መርማሪዋ ራሷ ናትና መረመረችው፤ ፈረመችበት፤ አሳለፈችው። በሕይወቷ እንዲህ የቀለላት ማጣሪያ አልነበረም።

ሹማምንቱ ከፊት ተደርድረዋል። አክስት አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ፊታቸው እንደቀላ፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ስሟ ሲጠራ ጋሽ ደቂቃ ወረቀታቸውን ገለጡ፤ ከዚያ እሷን አዩ። ነገሩ ገባቸው። ግን እሷ ድምፅ ማጉያውን ይዛለች፤ አረንጓዴውም በርቷል።

«እኔ መቀሷ ነኝ» አለች። ሰው ሳቀ። «ዛሬ የቆረጥኩትን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

የሹፌሩን ታሪክ ከመሪው ጀምራ ነገረቻቸው። ነርሷን አስገባች። ጨዉን አስገባች። ሲጋራውን ስታስገባ ከአዳራሹ የኋላ ወንበሮች አንድ ወፍራም ሳቅ ተሰማ። ቢጫው በራ። «መድኃኒቱን አልተወም፤ ቀየረው። ተወ ያስባልኩት እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት መድኃኒት ያቆመ ሰው ካለ በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ነገውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። መሄዱ እምነት ማጣት አይደለም።» ቀዩ በራ። አላቆመችም። ድምፅ ማጉያው ተቋረጠ። ሁለት ሺህ ሰው ያለ ማጉያ የሚናገረውን ሰው ለመስማት ወደ ፊት ጎንበስ አለ። እሷም በራሷ ድምፅ፣ በዚያች በቀጭኗ፣ ስለ እናቷ ተናገረች። «ጸለይን፤ መድኃኒትም ወሰደች፤ ሞተች። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እጠይቀዋለሁ ገና።»

ከኋላ ሹፌሩ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ተነሳ። «እውነቷን ነው» አለ፤ የመድኃኒቱን ፓኮ ከፍ አድርጎ አንቀጫቀጨው። «ዛሬ ጠዋትም ወስጃለሁ። አሁን ልሂድ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው።» ከፊት ወንበር አንድ ሹም የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ዳሰስ ሲያደርጉ ታዩ።

አክስት ተነሱ። በመተላለፊያው ቀስ ብለው፣ ወንበር እየተደገፉ መጡና መድረኩ ሥር ቆሙ። ከቦርሳቸው መሐረብ አወጡ፤ ከመሐረቡ ውስጥ እንክብል። ለካስ ሁለቱንም ወር ይዘውት ይዞሩ ነበር።

«ውሃ» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጋሽ ደቂቃ ለሰባኪው የተዘጋጀውን ብርጭቆ አንስተው፣ ሦስቱን ደረጃ ወርደው ሰጧቸው። አክስት ዋጡ። «አሜን» አሉ። አዳራሹም እንደ ልማዱ «አሜን» ብሎ መለሰ፤ ምን ብሎ እንደመለሰ የገባው ግን ትንሽ ቆይቶ ነው።

ጋሽ ደቂቃ ሰዓታቸውን አዩ። «አሥራ አንድ ደቂቃ» አሉ ለማንም ሳይሆን። ሄደው ቀዩን አጠፉት።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ መጣላት። እኅታችን ለጊዜው ከአገልግሎት እንድታርፍ ተወስኗል፤ የክፍሉን ቁልፍ ታስረክብ። አስረከበች። ትንሽ ከፍቷታል፤ ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም። በዚያው ቀን ግን ፋርማሲስቱ በመስኮት ብቅ ብሎ አራት ጣቱን አሳያት፤ ከሰባቱ አራቱ ተመልሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አክስት ከክሊኒክ መጡ። ሐኪሙ ተቆጥቷቸዋል፤ እሳቸውም የሐኪሙን የእጅ ጽሑፍ ተቆጥተዋል፤ እኩል ወጥተዋል። ግፊታቸው መውረድ ጀምሯል። ሰማያዊውን ቀሚስ ለበሱ፤ በመስታወቱ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«የመድረክ ልብስ ሆኖ ያለ መድረክ ቀረ» አሉ። «እንግዲህ አንቺው ስሚኝ።» ተቀመጡ። ድምፃቸው ተለወጠ። «እምነት አልነበረም፣ ልጄ። ያንን እንክብል በየማለዳው ስይዝ እህቴ ነበረች የምትታየኝ። እሷም ሳታቋርጥ ነው የወሰደችው፤ ምን ጠቀማት? ሹፌሩ ተውኩት ሲል ሰበብ አገኘሁ። እልህ ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች። «እኔም እልህ ነበረብኝ፣ እትዬ።»

ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ አክስት አፍንጫቸውን ጠራርገው፣ «ይሄ ይቆረጣል?» አሉ።

«አይቆረጥም። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ለግድግዳው ሰዓት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። አክስትም እንደማንኛውም ሰው ከአዳም ጀመሩ። ሁለት እህትማማቾች፣ አንድ የተቆለፈ ጓዳ፣ እሳት ላይ የተረሳ ድስት። ያሳረሩት እሳቸው ነበሩ፤ «እኔ ነኝ» ብላ የተገረፈችው ታላቅየው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግረው አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ እስኪመሽ ድረስ አንድም ቃል ሳታስወጣ ሰማቻቸው፤ እውነትም ድስቱ ነበር ዋናው ነገር።